«ወለምታ ነው» ተብሎ አምስት ወር የኖረ ስብራት

እንጀራዬ ያለው ቀኝ እጄ ላይ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ወንበር፣ ሁለት መስታወትና ቀኑን ሙሉ የማይዘጋ ሬዲዮ ያላት ጠባብ ቤት አለችኝ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ስለ አንዲት ትንሽ የእጅ አንጓ አጥንት አንድ ዓመት ሙሉ ተምሬያለሁ። የትምህርት ክፍያው ደግሞ ቀላል አልነበረም። እናንተ በነፃ ውሰዱት።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ የመጨረሻውን ደንበኛ ሸኝቼ ወለሉን በሳሙና ውሃ እያጠብኩ ነበር። ወለሉ ሴራሚክ ነው። እርጥብ ሴራሚክ ላይ የተቆረጠ ፀጉር ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እያወቁ መውደቅም አለ። እግሬ ሸርተት አለ፤ ወደ ኋላ ስሄድ ቀኝ መዳፌን ዘርግቼ መሬቱን ተቀበልኩት።

ጓ ያለ ነገር አልሰማሁም። ደም የለም፣ የተጣመመ ነገር የለም። በአውራ ጣቴ ሥር በኩል ስለት ያለው ሕመም ተሰማኝ፤ ትንሽ ቆይቶም በረድ አለልኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አንቀሳቀስኳቸው። ሁሉም ይታዘዛሉ። «ቢሰበር ኖሮ መች ይንቀሳቀስ ነበር!» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይቺ ናት። ጣት የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች በአንጓው በኩል አልፈው ነው የሚሄዱት። ከሥራቸው ያለው ትንሽ አጥንት ቢሰበርም እነሱ ሥራቸውን ይሠራሉ። ጣቴ መንቀሳቀሱ ስለ አጥንቴ የነገረኝ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ እናቴ ወጌሻ ዘንድ ካልሄድክ ብላ ቆመች። ወጌሻው በሰፈራችን የተከበሩ አዛውንት ናቸው። እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን እፈልጋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ትከሻው ወልቆ እሳቸው በደቂቃ ሲመልሱለት ዓይኔ አይቷል። ሰው የሚያምናቸው በከንቱ አይደለም። እጄን ይዘው ዳበሱ፣ አገላበጡ። «አጥንትህ ደህና ነው ልጄ፤ ጅማትህ ነው የዞረው» አሉኝ። ቅቤ ቀብተው አሹኝ። ሲያሹኝ ኮከብ ቆጠርኩ። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልለው፣ «ሦስት ቀን ተመላልሰህ ትታሻለህ» ብለው ሸኙኝ።

ሦስት ቀን ታሸሁ። የተሰበረ አጥንት ነበር የሚታሸው። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ለራሴ እርግጠኛ ለመሆን ብዬ፣ ሰፈራችን አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። ሁለት ፎቶ፤ አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን። ያየኝ ሐኪም ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ተመለከተና «ስብራት የለም፤ ወለምታ ነው» አለኝ። የሕመም ማስታገሻ አዘዘልኝ፤ ላስቲክ ፋሻ ታሰረልኝ። ቀጠሮ አልተሰጠኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ራጅ «ምንም የለም» ካለ ማን ይከራከራል? ወረቀቱን ይዤ ወጥቼ ለእናቴ ደወልኩ። እልል አለች።

ያ ሐኪም ራጁን አይቶ ያላየውን አየሁ አላለም። ፊልሙ ላይ የሚታይ ነገር በእርግጥ አልነበረም። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «እዚህ ጋ ካመመህ እጅህን አስረን በሁለት ሳምንት ተመለስ።» ያቺ ዓረፍተ ነገር ብትነገረኝ ኖሮ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር አብዛኛው ባልኖረ።

ከዚያ ነሐሴ ገባ። ፀጉር ቤት ያለው ሰው ነሐሴ መጨረሻንና ጳጉሜን ያውቃል። ለአዲስ ዓመት የማይስተካከል ወንድ የለም፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ይሰለፋል። በዚያ ወቅት ወንበር ዘግቶ እጅ ማሳረፍ ቀልድ ነው። በላስቲክ ፋሻ ጥብቅ አድርጌ አስሬ ሠራሁ። ቶንዶስ ብዙም አያስቸግርም፤ በጭብጥ ነው የሚያዘው። ሥቃዩ መቀስ ላይ ነው። መቀስ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚሠራው አውራ ጣት ነው፤ ሌላው ዝም ብሎ ይይዛል። በቀን ስንት ሺህ ጊዜ እንደምከፍትና እንደምዘጋ ቆጥሬ አላውቅም። እያንዳንዷ ግን ከአውራ ጣቴ ሥር ጠቅ ታደርገኝ ነበር።

ሌላው ምልክት በር ነበር። የሱቄ በር ወደ ላይ የሚገፋ ላሜራ ነው። ጠዋት መዳፌን ከሥሩ አስገብቼ ስገፋው እጄ ይከዳኛል። ያቺን መግፋት በግራ እጅ ለመድኳት። ከወንበር ስነሳ መዳፌን መደገፍ ተውኩ። ጀሪካን በግራ። ሰው ሳያውቀው ሕይወቱን ከሕመሙ ጋር ያስማማል። ከዚያ «ተሻለኝ» ይላል። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ተሽሎኛል እል ነበር።

ደንበኞቼ ደግሞ ምክር አያልቅባቸውም። አንዱ ጨው በሞቀ ውሃ ይላል። ሌላው ዓሣ ብላ። «አጥንት መረቅ ጠጣ፣ የበሬ ቅልጥም» ያለኝም አለ። ይሄኛውን እንኳ በደስታ ተቀበልኩት።

በመስከረም መጨረሻ አክስቴ ወደቀች። እግረ መንገዴን የእሷንም ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ሁለታችንም የወደቅነው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ መዳፍ ተዘርግቶ። ስድሳ አልፏታል። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እርጥብ ኮብልስቶን አንሸራተታት። የእሷ እጅ ግን ለክርክር አይመችም። አንጓው ላይ ጉብ ብሎ፣ ሹካ ተደፍቶ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ሆኗል። እናቴ ራሷ «ወጌሻ» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። በቀጥታ ሆስፒታል። የክንዷ ትልቁ አጥንት፣ አንጓው ላይ ሊደርስ ሲል ተሰብሮ ወደ ኋላ ሄዷል። ስብራቱ ላይ ማደንዘዣ በመርፌ ሰጧት፤ ሁለት ሰው ሆነው ስበው መለሱት፤ ጀሶ ታሰረላት። በሳምንቱ ተመልሳ ራጅ ተነሳች፤ የተመለሰ አጥንት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ሊንሸራተት ስለሚችል ነው። አልተንሸራተተም። በስድስተኛው ሳምንት ጀሶው ተፈታ። በእግረ መንገድም የአጥንት መሳሳት እንዳለባት ታወቀና ሕክምናው ተጀመረላት። በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ከቁመቷ ወድቃ አንጓዋ ከተሰበረ፣ ስለ አጥንት መሳሳት ሳይጠይቁ መሄድ አይገባም። ይህን ለእናቶቻችሁ ንገሩልኝ።

ያን የአክስቴን ዓይነት ስብራት በ1814 እ.ኤ.አ. በዝርዝር የጻፈው አብርሃም ኮሊስ የሚባል የደብሊን ቀዶ ሐኪም ነው። ራጅ የተገኘው በ1895 እ.ኤ.አ. ነው። ሰውዬው ከራጅ ሰማንያ ዓመት ቀድሞ፣ በዓይንና በእጅ ብቻ ለይቶታል ማለት ነው። የእኔ ስብራት ግን ከዚህ ወገን አይደለም። አያብጥም ማለት ይቻላል። አይጣመምም። በዳበሳ አይገኝም። ሲያሻው ከራጅም ይደበቃል። እናም አክስቴ ያንን የሚያስደነግጥ እጅ ይዛ ሄዳ በስድስት ሳምንት ጨረሰች። እኔ ምንም ያልመሰለ እጅ ይዤ ዓመት ፈጀሁ።

የታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ፣ ገና ሲቃረብ፣ አንድ ወጣት ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ጎኑን በመቀስ እያስተካከልኩለት ሳለ በመስታወቱ ውስጥ ፊቴን ያያል። አላወቅሁም እንጂ መቀሱ በተከፈተ ቁጥር ዓይኔን እጨፍን ኖሯል።

«ወንድሜ፣ እጅህን ምን ሆነህ ነው?» አለኝ።

«ወለምታ ናት፤ ቆየች» አልኩት።

«ምን ያህል ቆየች?»

«ሐምሌ ላይ ወድቄ ነው።»

ዝም አለ። ከዚያ ካባውን ከአንገቱ ላይ ገፈፍ አድርጎ «አንዴ ስጠኝ እስቲ» አለኝ። ለካ የአጥንት ሕክምና ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለ ሐኪም ነው። «አውራ ጣትህን ወደ ላይ ቀስር» አለኝ። ቀሰርኩ። እናንተም አሁን ሞክሩት፤ አውራ ጣታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ስትቀስሩ ከሥሩ፣ ከአንጓው ጎን፣ በሁለት ጅማቶች መሐል ትንሽ ጉድጓድ ትወጣለች። አያቴ ሱረት ይስቡ ነበር፤ ሱረታቸውን የሚያደርጉት እዚያች ጉድጓድ ላይ ነው። የሚገርመው፣ በሕክምናውም ስሟ «የሱረት ማስቀመጫ» ነው። ልጁ በጣቱ እዚያች ጉድጓድ ላይ ጫን አለ። ከወንበሩ በላይ ነው የዘለልኩት። ከዚያ በመዳፌ በኩል፣ ከአውራ ጣቴ ሥር ያለችውን እብጠት ጫነ። አመመኝ። አውራ ጣቴን ይዞ ወደ አንጓዬ ገፋ አደረገ። አመመኝ።

«ይሄ ወለምታ አይመስለኝም» አለ። «እዚህ ጋ ሲያም ሁሉ ስብራት ነው ማለት አይደለም። ግን ተራ ወለምታ ብዙ ጊዜ አምስት ወር አይቆይም። ነገ ዛሬ ሳትል ራጅ ተነሳ፤ የስካፎይድ ራጅ በላቸው።»

ግማሽ ጎኑ ሳይስተካከል የተቀመጠ ደንበኛ፣ እጄን ይዞ ሲመክረኝ፣ የሚጠብቁት ሁለት ሰዎች ሬዲዮውን ቀንሰው ያዳምጣሉ። ሒሳብ አልተቀበልኩትም።

ስለዚች አጥንት ያስረዳኝን በራሴ ቋንቋ ልንገራችሁ። አንጓችን ውስጥ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች አሉ፤ አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ የተደረደሩ። ከስምንቱ ብዙ ጊዜ የምትሰበረው ስካፎይድ ነች። ስሟ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ጀልባ ማለት ነው፤ ቅርጿን አይተው ነው። የትንሽ ቴምር ያህል ናት። በአውራ ጣት በኩል ተቀምጣ ሁለቱን ረድፎች ታያይዛለች። መዳፍ ተዘርግቶ ሲወደቅ የሰውነት ክብደት ወገቧ ላይ ያርፋል። ቀጥ የምትለውም እዚያው ወገቧ ላይ ነው። በብዛት የሚያጋጥመው ወጣት ወንዶችን ነው፤ ኳስ ተጫዋች፣ ሞተር ነጂ፣ እንደ እኔም ወለል አጣቢ።

የዚች አጥንት ጣጣ ደም ነው። አብዛኛው ገጽታዋ በልስልስ አጥንት የተሸፈነ ስለሆነ የደም ሥር የሚገባበት ቦታ ጠባብ ነው። የሚገባውም በጣት በኩል ባለው ጫፍ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ወደ ክንድ በኩል ወዳለው ጫፍ ወደ ኋላ ይመለሳል። የውሃ መስመር ከሰፈሩ መጨረሻ ገብቶ ወደ መጀመሪያዎቹ ቤቶች እንደሚመለስ አስቡት። መሐል ላይ ቧንቧው ሲቆረጥ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ውሃ ይጠማቸዋል። ለዚህ ነው ስካፎይድ ለመግጠም የምትዘገየው። አንዳንዴ ሳትገጥም ትቀራለች። አንዳንዴም ደም ያጣው ወገን ይሞታል። ሳትገጥም ከቀረች ደግሞ አንጓው ውስጥ ያለው ሁሉ ሚዛኑን ያጣል፤ ከዓመታት በኋላ መጋጠሚያው እየተበላ ይሄዳል። ያኔ የሚስተካከል ነገር የለም፤ የሚቀነስ ሕመም ብቻ ነው ያለው።

ታዲያ የመጀመሪያው ራጅ ለምን አላሳየም? ትኩስ ስብራት እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ሊሆን ይችላል፤ አጥንቶቹም በፊልሙ ላይ ይደራረባሉ። ከ10 እስከ 14 ቀን ሲቆይ ግን የስብራቱ ጠርዝ ትንሽ ይበላና መስመሩ ይሰፋል። ያኔ ይታያል። ስለዚህ ነው ልምዱ፦ ጉድጓዷ ጋ የሚያም ከሆነ ራጁ ንጹህ ቢሆንም እንደተሰበረ ቆጥሮ ማሰር፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ማንሳት። አቅም ካለና ከተገኘ ኤምአርአይ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ቁርጡን ይናገራል። ፎቶውም ይለያል። ከፊትና ከጎን ብቻ አይበቃም፤ እጅን ጨብጦ አንጓውን ወደ ትንሿ ጣት አዘንብሎ የሚነሳ አለ። እንዲያ ሲሆን ስካፎይድ ተዘርግታ ትታያለች።

ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሪፈር አጻፍኩና ሆስፒታል ገባሁ። ካርድ ማውጣቱ፣ ወረፋው፣ «ነገ ና»ው የታወቀ ነው፤ አልደግመውም። በአዲሱ ራጅ ላይ ስብራቱ ሐኪም እንኳ የማያስፈልገው ያህል ይታይ ነበር። ጀልባዋ ወገቧ ላይ ለሁለት ተከፍላለች። ሲቲ ስካን ሲጨመር ስብራቱ አፉን እንደከፈተ፣ ጠርዙም እንደተቦረቦረ ታየ። ደግነቱ ሁለቱም ወገን በሕይወት አለ አሉኝ። ዶክተሩ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙሮ ሲያሳየኝ ያሰብኩት ቅቤውን ነው። ሦስቱን ቀን።

«መጀመሪያ ላይ ብመጣ ኖሮስ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጀሶ ብቻ ነበር» አለኝ። እንደ ስብራቱ ቦታና ሁኔታ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት። ወደ ክንድ በኩል ያለው ጫፍ ከተሰበረ ግን ጊዜው ይረዝማል፤ ቀዶ ሕክምናም ይመከራል። ሰው ሁሉ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ማለት እንዳልሆነም ነገረኝ። በብሪታንያ 439 ሰዎች የተሳተፉበት በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ወገቧ ላይ ለተሰበረችና ብዙ ላልተንሸራተተች ስካፎይድ ወዲያው ብሎን ማስገባትና መጀመሪያ በጀሶ ሞክሮ ያልገጠመውን ብቻ ኦፕራሲዮን ማድረግ በዓመቱ ሲለካ ብልጫ አልታየባቸውም። በጊዜ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ቢላ አያስፈልገውም ማለት ነው። ለእኔ ግን የጀሶው ጊዜ አልፏል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ጠየቀኝ። «ታጨሳለህ?» በቀን አምስት ስድስት። «ተው» አለኝ። ሲጋራ የአጥንትን መግጠም እንደሚያዘገይ፣ በተለይ እንዲህ ደም ያጠራትን አጥንት ክፉኛ እንደሚጎዳ ነገረኝ። የኦፕራሲዮን ቀጠሮዬ የካቲት ነበር። ሁለት ወር ቀደም ብዬ አቆምኩ። በጠቅላላ ከዚህ ሁሉ ከባዱ ይኼ ነበር፤ እውነቴን ነው።

ኦፕራሲዮኑ እንዲህ ነው። ስብራቱ መሐል ያለው የሞተ ነገር ይጠረጋል። ከዳሌ አጥንት ላይ ትንሽ ተቆርጦ ክፍተቱ ይሞላል። ከዚያ ብሎን ይገባል። ብሎኑ ራስ የለውም። እንዲህ ዓይነቱን ብሎን ሄርበርት የሚባል አውስትራሊያዊ ቀዶ ሐኪም ነው ያመጣው፤ ዘዴው ደስ ይላል። በሁለቱ ጫፍ ያለው ጥርስ እኩል አይደለም፤ የአንዱ ሰፋ፣ የሌላው ጠበብ ያለ ነው። ሲጠመዘዝ አንደኛው ጫፍ ከሌላው ይፈጥናል። እናም ሁለቱ የአጥንት ቁራጮች እየተሳቡ ይጣበቃሉ። ራስ ስለሌለው አጥንቱ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ምንም ካላስቸገረ አይወጣም። እኔ ጋ አሁንም አለ።

በሙሉ ማደንዘዣ ተኛሁ። ስነቃ እጄን ጠብቄ ነበር፤ የጮኸው ግን ዳሌዬ ነው። ማንም በደንብ አላስጠነቀቀኝም። አጥንት የተወሰደበት ቦታ ለሁለት ሳምንት ያህል ሲያስነጥሰኝ፣ ሲያስቀኝ፣ ከአልጋ ስነሳ ያስታውሰኝ ነበር። ይህ ሕክምና የታዘዘላችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ ለዳሌያችሁም ተዘጋጁ። ሱሪ ቀበቶው እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል፤ ላስቲክ ያለው ቱታ ግዙ።

ከዚያ ጀሶ። ስለ ጀሶ ኑሮ ጥቂት ላውራ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጃችሁን ከልባችሁ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሲተኛ ትራስ ላይ። ጣቶቻችሁን ቀኑን ሙሉ አንቀሳቅሱ፤ ካልተንቀሳቀሱ ይደርቃሉ። ለመታጠብ ሁለት ፌስታል ደራርባችሁ ክርናችሁ ጋ እሰሩ። ሲያሳክክ መፋቂያ ወይም ብዕር አትክተቱ። እኔ የማበጠሪያ ጭራ ከትቻለሁ፤ ቆዳዬ ተላጠና ሳምንት ሙሉ ፈርቼ ሰነበትኩ። ከውጭ መታ መታ ማድረግ ይሻላል።

ፋሲካ በጀሶ አለፈ። ወንበሩን ለአንድ ልጅ አከራይቼ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሒሳብ እቀበላለሁ። የገዛ ቤቱ ውስጥ እንግዳ የሆነ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ እኔ ነበርኩ።

ግንቦት ላይ ሲቲ ተደገመ። ገጥሟል። ዶክተሩ «ገጥሟል» ሲለኝ ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ ነርሷ ብቻ ስትስቅ ትዝ ይለኛል። ጀሶው ሲወልቅ ግን የወጣው እጅ የእኔ አይመስልም። ቀጭን፣ የደረቀ፣ ፀጉር የበቀለበት። አንጓዬ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነበር። ወደ ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። የሰጡኝ ነገር ሁሉ ቀላል ይመስላል፦ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ እጅን አሳርፎ ወደ ላይ ወደ ታች፣ መዳፍን መገልበጥ፣ ለስላሳ ኳስ መጭመቅ። በቀን አምስት ጊዜ፣ ለወራት። ቤት ውስጥ ካልተሠራ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ብቻውን ምንም አያመጣም። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ መሥራቱ ረድቶኛል። መቀስን ያለ ፀጉር፣ አየር እየቆረጥኩ ነው የጀመርኩት። ሚስቴ «ነፋሱን ጨረስከው» ትለኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ፤ መጀመሪያ ግማሽ ቀን። አሁን ሙሉ ቀን እሠራለሁ። አንጓዬ ወደ ኋላ የሚታጠፈው ከግራው ትንሽ ያንሳል። ክረምት ሲመጣ ያስታውሰኛል። ላሜራውን ግን በቀኝ እጄ እገፋዋለሁ።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ያየሁት አለና። በሌላ ክፍል አንድ ልጅ ነበር፤ ክንዱ ተሰብሮ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ። እናቱ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ «ይለምደዋል» ተብላ ጠበቀች። ሲደርሱ ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። ከዚህ በላይ አልተርክም። በቀርከሃም ይሁን በጀሶ፣ በወጌሻም ይሁን በሐኪም፣ የታሰረ እጅ ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቶች ከበረዱ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ጣትን ቀጥ ሲያደርጉት የማይቻል ሕመም ካለ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። በጨርቅና በእንጨት የታሰረው ወዲያው ይላላል፤ ሰውየው ሆስፒታል ይሄዳል። ጀሶ ከሆነ በዚያው ሰዓት ሄዶ ማስከፈት ነው። የሰዓታት ጉዳይ ነው። ማሸትን በተመለከተ ደግሞ ራጅ ሳይታይ ወድቆ ያመመ አንጓ ባይታሽ እመርጣለሁ። የእኔው ወጌሻ ይህን ስነግራቸው አልተቆጡም። «ይቺን ትንሿን በእጄ አላገኛትም ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከአንጓው ጋር የሚመጣባቸውን ሰው መጀመሪያ ራጅ ተነሳ እያሉ እንደሚመልሱ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ወር ደግሞ የሰፈራችን ቡድን በረኛ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ቀኝ እጁ ላስቲክ ፋሻ ለብሷል። ኳስ ሊያድን ወድቆ። «ራጅ ተነሳሁ፣ ምንም የለውም፤ ቅዳሜ ጨዋታ አለኝ» አለኝ። መቀሱን አስቀመጥኩ። «አውራ ጣትህን ቀስር እስቲ» አልኩት። ቀሰረ። ጉድጓዷ ላይ ገና ጣቴን ሳሳርፍ እጁን መነጨቀኝ።

ቅዳሜ አልተጫወተም። ሆስፒታል ሄዶ እጁ ታሰረ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ራጁ ሲደገም መስመሯ ወጣች። አሁን ጀሶ ላይ ነው። በየሳምንቱ እየመጣ ሜዳ ዳር ቆሞ ስላየው ጨዋታ ያወራልኛል። ምትኩ የገባው ልጅ አራት ጎል እንደገባበት ሲነግረኝ ደስታውን መደበቅ አይችልም።